ለአሮጌ ቮልስ የፊት መብራት፦ ኤልኢዲ ይሻላል ወይስ ሪሌ ከተራ ሃሎጅን ጋር?

ጅማ ውስጥ አሮጌ ቮልስ የሚነዳ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ጥያቄው አንድ ነው። «መብራቷ ሻማ ሆነብኝ፣ ኤልኢዲ ላስገባላት?» ባለፈው ሳምንት ብቻ ሦስት ሰው ጠይቆኛል። አንደኛው እንዲያውም ብሩን ይዞ ወደ መለዋወጫ ሱቅ እየሄደ ነበር፣ እግረ መንገዱን ነው ያስቆመኝ።

መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ ይቅርባችሁ። ትንሽ ብር ጨምሩና ሁለት ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዝዞ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ትንሽ ማብሪያ) ከወፍራም ሽቦ ጋር አስገጥማችሁ ተራውን ሃሎጅን አምፖል፣ ኤች 4 የሚባለውን ባለ 60/55 ዋት (60 ለረጅሙ፣ 55 ለአጭሩ መብራት) ተጠቀሙ። ይህን የምለው ሁለቱንም በገዛ ኪሴ ስለሞከርኩ ነው።

የኔዋ በፈረንጆቹ የ1971 ሞዴል ናት፣ ባለ 12 ቮልት፣ ከአባቴ የወረስኳት። ሐምሌ ላይ ከአጋሮ ማታ ስመለስ ዝናቡም ጉሙም ተደራርቦ አጭር መብራት ባበራ ረጅም ባበራ ለውጥ አልነበረውም። አንድ ልጅ አህያ እየነዳ በመንገዱ ዳር ይሄዳል፤ ያየሁት አጠገቡ ከደረስኩ በኋላ ነው። ፍሬኑን ረግጬ ስቆም እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። በማግስቱ ሱቅ ሄጄ ጥንድ ኤልኢዲ በ2,800 ብር ገዛሁ። ካርቶኑ ላይ 20,000 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ይላል። ተራ ኤች 4 አምፖል በአጭሩ መብራት 1,000፣ በረጅሙ 1,650 ሉመን ገደማ መሆኑን ያን ጊዜ ባውቅ ኖሮ ቁጥሩን አይቼ እመልሰው ነበር።

የመጀመሪያው ሳምንት ደስ ይል ነበር። የግቢው ግድግዳ ቁልጭ ብሎ ነጭ ሆነ። መንገድ ላይ ግን ከፊት የሚመጣው ሁሉ መብራት ያበራብኝ ጀመር፣ አንድ የባጃጅ ልጅ ጭራሽ ቆሞ «ጋሼ፣ ዓይናችንን አጠፋኸው እኮ!» አለኝ። እውነቱን ነው። ኤች 4 አምፖል ውስጥ ከአጭሩ መብራት ክር ስር ትንሽ የብረት ጽዋ አለች፤ ብርሃኑን ወደ ፊት ከሚመልሰው ብርማ ሳህን ወደ ታችኛው ክፍል የሚሄደውን ብርሃን ትጋርዳለች፣ በዚህ ምክንያት ብርሃኑ ወደ ሰው ዓይን አይወጣም። የመብራቱ ሳህንም የተሠራው ክሩ ያለበትን ቦታ ተከትሎ ነው። ርካሹ ኤልኢዲ ላይ ብርሃን ሰጪዋ ቺፕ ቦታዋን ስለማትጠብቅ ብርሃኑ ይበተናል። ዛፉ ላይ ይወጣል፣ ጉሙ ላይ ይመለሳል፣ አስፋልቱ ላይ ግን የለም።

ከዚያ ብልሽቱ መጣ። የቮልስ መብራት የሚቀመጥበት ጉድጓድ ጠባብ ነው፣ ኤልኢዲውን ከኋላ የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ ደግሞ ጭራው ረጅም ነው። ገጣሚው በግድ አስገባው፣ ከኋላው አየር የሚያገኝበት ቦታ አልቀረለትም። በሁለተኛው ወር የግራው ሞተ። ሱቁ «ኤሌክትሪክ ነገር አይመለስም» አለኝ። በ1,900 ብር ሌላ ጥንድ ገዛሁ፣ የዚያኛውም ማራገቢያ ክረምቱ ሳያልቅ ደረቀ። በድምሩ 4,700 ብር ማለት ነው፣ የመግጠሚያውን ሳልቆጥር።

በመጨረሻ አንድ ወጣት የመኪና ኤሌክትሪሺያን ዘንድ ሄድኩ። የድሮውን አምፖል አስመልሶ መብራቱን አበራና ቴስተሩን መጀመሪያ ባትሪው ላይ አደረገ፦ 12.3 ቮልት። ቀጥሎ አምፖሉ የሚሰካበት ሶኬት ላይ፦ 10.2። ቁጥሩን ወደ እኔ አዙሮ «መብራትዎ አልተበላሸም ጋሼ፣ ተርቧል እንጂ» አለኝ።

የቮልስ ባትሪ ያለው ከኋላ ወንበር ስር ነው። ጉልበቱ በዚያ ሃምሳ ዓመት ባለፈው ቀጭን ሽቦ ወደ ፊት ይመጣል፣ በመብራት ማብሪያው ያልፋል፣ በዛገው የፊውዝ ሳጥን ያልፋል፣ ከዚያ ነው መብራቱ ጋ የሚደርሰው። በየመገጣጠሚያው ትንሽ ትንሽ ይቀራል። ሃሎጅን ደግሞ ቮልቴጅ ሲጎድልበት ብርሃኑ በሦስት እጥፍ ገደማ ነው የሚጎድለው፤ 10 በመቶ ቢቀንስበት ሲሶው ብርሃን ይጠፋል፣ የኔ ወደ ግማሽ ወርዶ ነበር ማለት ነው። ሪሌ ሲገባ አሮጌው ማብሪያ ትእዛዝ ብቻ ይሰጣል፣ ዋናው ጉልበት ከባትሪ በአዲሱ ሽቦ በቀጥታ ይሄዳል። አንድ ሪሌ ለአጭሩ፣ አንድ ለረጅሙ።

የከፈልኩትን ልዘርዝር። ሪሌ ሁለት በ350 ሂሳብ 700፣ የሪሌ ሶኬት 240፣ ባለ 6 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ አምስት ሜትር በ130 ሂሳብ 650፣ ባለ 20 አምፔር ፊውዝ ከነቤቱ 150፣ ሁለት ኤች 4 አምፖል 700፣ የእጅ 1,000። ጠቅላላ 3,440 ብር። ሲያልቅ ሶኬቱ ላይ ስንለካ 11.9 መጣ። ያን ማታ ወደ አጋሮ መውጫ ድረስ ነዳኋት፤ የመንገዱ ዳር ሣር እያንዳንዱ ይታይ ነበር፣ ማንም መብራት አላበራብኝም።

አሁን ፎርጅዱን ተጠንቀቁ፣ ብር የሚበላው እዚህ ነው። ባለ 150 ብሯ ሪሌ ላይም «40 አምፔር» ተብሎ ተጽፏል። አንድ ገዝቼ ነበር፣ ሞቃ ሁለቱንም መብራት በአንዴ አጠፋችብኝ። ስትከፈት ውስጧ ያለው መዳብ ወረቀት ነው የሚያክለው። በእጃችሁ መዝኑት፣ ቀላል ከሆነ ተዉት። ከአዲስ ፎርጅድ ይልቅ ከአሮጌ የጀርመን ወይም የጃፓን መኪና የወጣ ያገለገለ ሪሌ እመርጣለሁ። ሽቦውንም ሳትቆርጡ ጫፉን በምላጭ ፋቁት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። አምፖል ላይ ደግሞ 100/90 ዋት የሚሉትን አትንኩ። ጓደኛዬ ያለ ሪሌ ገጥሞት የሶኬቱ ፕላስቲክ ቀልጦ ከአምፖሉ ጋር ተጣበቀ።

ኤልኢዲ አንድ እውነተኛ ጥቅም አለው፣ አልክድም፦ ትንሽ ጉልበት ነው የሚወስደው። እንደኔዋ ያለች ቮልስ ዲናሞዋ 30 አምፔር ገደማ ብቻ ስለሆነች ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ሃሎጅኑ ትንሽ ይደበዝዛል። ለሰሌዳና ለውስጥ መብራት ኤልኢዲ እኔም ገጥሜያለሁ። ለፊት ግን አይሆንም።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የመብራቱን ሳህን እዩት። ብርማው ቀለም ከተላጠ ምንም ሽቦ አያድነውም፣ መጀመሪያ እሱን ለውጡ። አንዳንዱ የድሮ ሳህን ቀዳዳው ሰፋ ያለ ስለሆነ ተራ ኤች 4 አይገባበትም፤ አሮጌውን አምፖል በእጃችሁ ይዛችሁ ሱቅ ሂዱ። መኪናችሁ ገና ባለ 6 ቮልት ከሆነች ደግሞ ለተመሳሳይ ዋት እጥፍ አምፔር ነው የምትጎትተው፣ ስለዚህ የሽቦው ጉዳይ ይብስባችኋል። ሪሌውንም አምፖሉንም ባለ 6 ቮልት ፈልጉ።

ለገጣሚው ሁለት ነገር ንገሩት። ኮሮላ የለመደ ሰው ባትሪው ከፊት ስለሆነ አንድ ሜትር ሽቦ ይበቃል ብሎ ያስባል፣ ቮልስ ላይ ግን ከኋላ ወንበር ስር ተነስቶ እስከ ፊት ኮፈን መምጣት አለበት። ፊውዙ ደግሞ ባትሪው አጠገብ ይሁን፣ ከአንድ ስንዝር አይራቅ፤ ፊት ላይ ካደረገው መሃል ላይ ሽቦው ቢላጥ የሚያቋርጠው ነገር የለም። የኋላ ወንበሩን ስትመልሱም የባትሪው ክዳን ቦታው ላይ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። የወንበሩ ስፕሪንግ ሰው ሲቀመጥ ወርዶ የባትሪውን ጫፍ ከነካ እሳት ይነሳል። ክዳኑ ከጠፋባችሁ ወፍራም ጎማ ቆርጣችሁ አልብሱት።