ማረጥ፦ ችሎ ማለፍ ወይስ የሆርሞን ሕክምና?

«የተፈጥሮ ነው፣ ቻይው» ይላል አንዱ ወገን። «ሕክምና እያለ ለምን ትሰቃያለሽ?» ይላል ሌላው። ማረጥ ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ይመጣል።

ችሎ ማለፍ፦ ወጪ የለውም። ግን ወላፈኑ (ድንገት ሰውነትን የሚያግለው ሙቀት) እና እንቅልፍ ማጣቱ ለዓመታት ሊዘልቅ ይችላል። አጥንትም ድምፅ ሳያሰማ ይሳሳል። ዝምታው ደግሞ (እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው) ብዙ ጊዜ ከእፍረት እንጂ ከምርጫ አይመጣም።

ሆርሞን፦ ለወላፈኑ ከሁሉም የበለጠ ይሠራል፤ አጥንትንም ይጠብቃል። ፍርሃቱ የገነነው እ.ኤ.አ. በ2002 አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት የጡት ካንሰርና የደም መርጋት ስጋትን ሲያሳይ ነው። የተጠኚዎቹ አማካይ ዕድሜ ግን 63 ገደማ ነበር፤ ማለትም ማረጥ ከሚጀምርበት ዕድሜ ያለፉ ነበሩ። ማህፀን ያላት ሴት ኤስትሮጅን (በማረጥ ጊዜ የሚቀንሰውን የሴት ሆርሞን) ብቻውን አትወስድም፤ ፕሮጀስትሮን የተባለ ሌላ ሆርሞን ይጨመርበታል። ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ሆርሞን ከሚዋጠው ይልቅ የደም መርጋት ስጋቱ ያነሰ ነው።

ምልክቱ ቀለል ካለ መቻሉ አይከፋም። ከ60 ዓመት በታች ሆና እንቅልፍ አልወስድ፣ ሥራ አልያዝ ያላት ግን ስለ ሆርሞን ሐኪም ብታማክር ይሻላታል። የጡት ካንሰር ይዟት ለሚያውቅ ሴት ሆርሞን አብዛኛውን ጊዜ አይመከርም፤ ለእሷ ሆርሞን የሌለባቸው መድኃኒቶች አሉ።