ከአናፖሊስ የሚመጣው ደብዳቤ፤ የሁለት ዓመት አንባቢ አስተያየት

ባለቤቴ ፖስታውን እንደከፈተች ፊቷ ተለዋወጠ። «ደግሞ የምን የቤት ሒሳብ ነው? የዚህን ወር ከፍለን የለም እንዴ?» አለችኝ። ወረቀቱ በአሜሪካ የሜሪላንድ ግዛት ምክር ቤት እንደራሴያችን በየዓመቱ ምን ሕግ እንደወጣ ጽፈው የሚልኩልን ደብዳቤ ነው። ተቀብዬ ሳነበው «ገዥው የቤት ሒሳብ ቁጥር 693ን ፈርመዋል» ይላል፣ በአማርኛ። ነገሩ የገባኝ ትንሽ ቆይቶ ነው። እንግሊዝኛ ረቂቅ ሕግንም የምግብ ቤት ሒሳብንም በአንድ ቃል «ቢል» ብሎ ይጠራል፤ የታችኛውንም ምክር ቤት ባጭሩ «ቤት» ይለዋል። የትርጉም ማሽኑ ሁለቱን አጋጥሞ የሜሪላንድን ሕግ የኪራይ መጠየቂያ አደረገው።

ይህ የሆነው በሜይ ወር 2024 ነው። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የምተዳደረውም በታክሲ ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ ግን የቀበሌ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ነበርኩ፤ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ድረስ በእግሬ ሄጄ ነጋሪት ጋዜጣ የገዛሁበት ጊዜም አለ። ሕግን አለማወቅ ከተጠያቂነት አያድንም ይባል ነበር፤ አዋጁን ፈልጎ ማግኘቱ ግን የራስ ዕዳ ነው። ስለዚህ ሕግ አውጪ ምን እንዳወጣ ራሱ ጽፎ ቤቴ ድረስ ሲልክልኝ አክብሬ አነበዋለሁ፤ የጸሐፊነት ዓይኔም አብሮኝ አለ።

የሜሪላንድ ምክር ቤት በግዛቱ ዋና ከተማ በአናፖሊስ የሚሰበሰበው በዓመት 90 ቀን ብቻ ነው። ከጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ይጀምርና አፕሪል ላይ በእኩለ ሌሊት ይዘጋል። በዚያች ጊዜ ውስጥ ከሁለት ሺህ በላይ ረቂቅ ይቀርባል። ሌሊት የሚነዳ ሰው ይህን ሁሉ ሊከታተል አይችልም። የምርጫ ወረዳችን አንድ ሴናተርና ሦስት የታችኛው ምክር ቤት እንደራሴዎች ስላሉት ደብዳቤውም ከአራት ሰው ይመጣል ማለት ነው። አስተያየት የምሰጠው ስለ አንዲቱ እንደራሴ ደብዳቤ ነው። የምነቅፈውም ስላለኝ ስማቸውን አልጠራም።

መጀመሪያ የጠቀመኝን ልናገር። ያ 693 የተባለው የተከራዮች ሕግ ነበር። አከራይ ሊጠይቅ የሚችለውን ማስያዣ ከሁለት ወር ኪራይ ወደ አንድ ወር አውርዶታል፤ በሥራ ላይ የዋለውም ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ነው። ደብዳቤው ቀኑን በደማቅ ቀለም ጽፎ፣ ከሥሩ የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚጠየቅ አስቀምጧል። እኛ ደግሞ ኖቬምበር ላይ ቤት ቀየርን። የአዲሱ ሕንፃ ቢሮ ልጅ ውሉን ዘርግታ 3,700 ዶላር ማስያዣ አለችን፤ ኪራዩ 1,850 ነው። ደብዳቤውን ከኪሴ አውጥቼ፣ በጣቴ እያመለከትኩ፣ ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩት። አነበበችው፣ ወደ ውስጥ ገባች፣ ቆይታም በአዲስ ወረቀት ተመለሰች፤ 1,850። ምንም አልተባባልንም። ባለቤቴ ብቻ በአማርኛ «ተመስገን» አለች።

እንደራሴዋ ከደብዳቤው በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አንድ ምሽት ስብሰባ ይጠራሉ። ቡናው በካርቶን የሚቀዳ፣ ውኃ የበዛበት ነው፤ ስለ እርሱ ይብቃኝ። ስብሰባው ግን ከደብዳቤው ይሻላል። አንድ አዛውንት ተነሥተው የኪራይ ጭማሪ አስመረረኝ ሲሉ፣ እንደራሴዋ የእኔ ሥልጣን አይደለም ብለው አልገፏቸውም። የጭማሪው ጣሪያ የግዛቱ ሳይሆን የምንኖርበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ሕግ መሆኑን፣ በዓመት ከስድስት በመቶ ሊያልፍ እንደማይችል፣ ዕድሜያቸው ከ23 ዓመት ያነሰ ሕንፃዎች ግን እንደማይነኩ አስረዷቸው። ቀጥለውም «የርስዎ ሕንፃ ስንት ዓመቱ ነው?» ብለው ጠየቁ። አዛውንቱ ሳቁ፤ «ከእኔ አያንስም» አሉ።

እኔም እጄን አወጣሁ። አከራይ ያለ በቂ ምክንያት ውል አላድስም እንዳይል የሚከለክለው ረቂቅስ የት ደረሰ? የታችኛው ምክር ቤት አሳልፎት ሴኔቱ ዘንድ መቅረቱን በግልጽ ተናገሩ። ታዲያ ይህ በደብዳቤው ውስጥ ለምን የለም? ቅሬታዬ ይህ ነው። ደብዳቤው ያለፈውን እንጂ የወደቀውን አይጽፍም። የወደቀው ነጥብ ያልተጻፈበት ቃለ ጉባኤ ይዤ ብሄድ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ይመልሱልኝ ነበር።

የ2025ቱ ደብዳቤ ደግሞ በዚህ ባሰ። ያን ዓመት ግዛቱ ከሦስት ቢሊዮን ዶላር በላይ ጎድሎበት ክፍያዎች ከፍ ብለዋል። የፊተኛው ገጽ ላይ ግን ገዥው ዌስ ሙር ሲፈርሙ፣ እንደራሴዋ ከኋላቸው ቆመው ፈገግ ሲሉ የሚያሳይ ትልቅ ፎቶግራፍ አለ። የመኪና የጭስ ምርመራ ከ14 ወደ 30 ዶላር መውጣቱን፣ የመኪና ግዢ ግብርም ከስድስት ወደ ስድስት ነጥብ አምስት በመቶ ማደጉን ያገኘሁት በመጨረሻው ገጽ ግርጌ፣ መነጽሬን አድርጌ ነው። ሁለቱም የጀመሩት ጁላይ 1 ነው። እኔ ኦገስት ላይ ባለ 18,000 ዶላር ያገለገለች ቶዮታ ገዛሁ፤ ልዩነቱ 90 ዶላር መጣ። 90 ዶላር አያደኸየኝም፤ ለባለ ታክሲ ግን የፊት ገጽ ወሬ ይህ ነበር።

ጊዜውም ያስቸግራል። ብዙው ሕግ የሚጀምረው ኦክቶበር 1 ሲሆን ደብዳቤው የሚመጣው ሜይ ላይ ነው። እስከዚያ ወረቀቱ የጀበና ማስቀመጫ ሆኖ ይከርማል። ሴፕቴምበር ላይ አንዲት ገጽ ማስታወሻ ቢልኩ ምን ነበረበት?

አንድ ነገር ሳልናገር እንዳላልፍ። ከአድራሻው በላይ አንዲት መስመር አለች፤ እያንዳንዱ የሜሪላንድ እንደራሴና ሴናተር ለወረዳው ተማሪዎች የሚሰጠው የትምህርት ድጎማ እንዳለ ትናገራለች። በዕድራችን ውስጥ ልጁን ኮሌጅ ልኮ የሚያስተምር ስንት ወላጅ እያለ ይህን የሚያውቅ አላገኘሁም። ልጄ አመልክታ 600 ዶላር ደረሳት፤ ለመጻሕፍቷ ሆነላት። ወላጆች ሆይ፣ ፖስታውን ሳትከፍቱ አትጣሉት።

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጣለሁ። አራተኛውን የሰጠሁት ስለ እርማቱ ነው። በ2024 ያንን የአማርኛ ገጽ በቀይ እስክሪብቶ አርሜ፣ «የቤት ሒሳብ» የሚለውን አሥራ አንድ ቦታ ሰርዤ «ረቂቅ ሕግ» ብዬ ወደ ቢሯቸው ልኬው ነበር። መልስ አልመጣም፤ ረስቼውም ነበር። የ2025ቱ ሲደርስ ግን ታርሟል፤ «ረቂቅ ሕግ»፣ «ረቂቅ ሕግ» እያለ ይወርዳል። አንድ ቦታ ብቻ አምልጧቸዋል፤ የጭስ ምርመራው 30 ዶላር የተጻፈበት አንቀጽ አሁንም «የቤት ሒሳብ» ይላል። እርሱን አላረምኩትም።