የሰሜን ተራሮችን በኮምፒውተር ለመሥራት፦ ርካሹ «አዲስ» የግራፊክስ ካርድ ወይስ ያገለገለው?

«የሠራሁት ተራራ ለምን የካርቶን ቁራጭ መሰለ? ካርድ ልቀይር?» ጎንደር ውስጥ ከሚያውቁኝ የአርክቴክቸር ተማሪዎችና ለአስጎብኚዎች ማስታወቂያ ከሚሠሩ ወዳጆቼ ይህን በወር ሦስት አራት ጊዜ እሰማለሁ። መልሱን እዚህ ልጻፈውና ከእንግዲህ ቡና ስንጠጣ ሌላ ወሬ እናውራ።

በገበያው ላይ የሚያከራክሩት ሁለት የግራፊክስ ካርዶች (ኮምፒውተሩ ሥዕል የሚሠራባቸው) ናቸው። አንደኛው በካርቶኑ ታሽጎ የሚሸጥ «አዲስ» ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ሲሆን፣ ሻጩ ፈቃዱ የተሰበረ የመልክዓ ምድር ሶፍትዌር በፍላሽ ይጨምርበታል። ሁለተኛው ያገለገለ ባለ 12 ጊጋባይት አርቲኤክስ 3060 ከብሌንደር፣ ማለትም ከነጻው የሦስት ገጽታ ሥዕል መሥሪያ ሶፍትዌር ጋር። እኔ የሁለተኛው ወገን ነኝ፤ ግን ወደዚያ የደረስኩት በአንደኛው በኩል ነው።

ለካርዱ 14,000 ብር፣ ለፍላሹ 1,500 ብር ከፈልኩ። ቤት ገብቼ የብሌንደርን ማስተካከያ ስከፍት ሬንደር የሚያደርገው (ሞዴሉን ወደ ሥዕል የሚቀይረው) ካርድ መዘርዘር ያለበት ቦታ ባዶ ነው። ጠጋኙ «ድራይቨር ነው» (ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ብሎ ኮምፒውተሩን አጥቦ ሶፍትዌሩን እንደገና ጫነበት፤ 800 ብር። ያው ባዶ። በመጨረሻ ጂፒዩ-ዚ የተባለውን ነጻ መፈተሻ ሳስነሳ ከካርዱ ስም ፊት «ሐሰተኛ» የሚል ቃል ለጥፎ አሳየኝ። ውስጡ በ2010 የወጣው ጂቲኤስ 450 ነበር፤ ስሙን ብቻ በሶፍትዌር ቀይረውታል። ብሌንደር ደግሞ የዚያን ትውልድ ቺፕ ከተወ ቆይቷል። ምልክቱ ለካ ከጀርባው ተሰክቶ ነበር፦ ለአሮጌ ሞኒተር የሚሆነው ሰማያዊ ባለ 15 ቀዳዳ መሰኪያ። እውነተኛው 1050 ቲአይ በአብዛኛው ይህ የለውም። ሻጩን ብሄድበት «ማኅተሙን ቀደኸዋል» አለኝ። የፍላሹም ሶፍትዌር ኢንተርኔት በገባ በሳምንቱ ተዘጋ፤ የሁለት ወር ሥራዬን ይዞ።

ድምሩ 16,300 ብር። ያገለገለውን 3060 በኋላ በ46,000 ብር ገዛሁት፤ በከንቱ የሄደው ገንዘብ ከዋጋው ሲሶ ይበልጣል። ፍጥነቱን ትቼ 12 ጊጋባይት ማስታወሻውን አወድሳለሁ፦ ሣሩና ድንጋዩ በሺህ ሲባዛ ማስታወሻው የጠበበ ካርድ ሥራውን አቋርጦ ይቆማል።

ነገር ግን ተራራውን ከካርቶንነት ያወጣው ካርዱ አይደለም። በሰሜን ተራሮች ካለው ጨነቅ ላይ ቆማችሁ ወደ ቆላው ተመልከቱ። ቅርብ ያለው ገደል ጥቁርና ጥርት ያለ ነው፤ ቀጥሎ ያለው ይገረጣል፤ የመጨረሻው ከሰማዩ ጋር ሊዋሐድ ምንም አይቀረው፣ ሰማያዊ ነው። አየሩ በመካከል ብርሃን ስለሚበትን ነው። ብሌንደር ውስጥ ርቀትን ከጥቁር ወደ ነጭ የሚያሳይ የጭጋግ ንብርብር አለ፤ እሱን ከፈዘዘ ሰማያዊ ጋር ማዋሐድ ደቂቃ አይፈጅም። እውነተኛውን ጭጋግ፣ ማለትም ብርሃኑ በአየሩ ውስጥ እንዴት እንደሚበተን ማስላት ግን ሌሊቱን ሙሉ ይወስዳል፤ መብራት ከቆየ ማለቴ ነው። ወሩንም ወስኑ፦ በመስከረም ዝናብ ያጠበው አየር ሩቁን ቅርብ ያስመስላል፣ በሚያዝያ አቧራው ይጋርደዋል። ብዙዎቻችሁ የመስከረም አበባ ከሚያዝያ ጭጋግ ጋር ትቀላቅላላችሁ።

ሌላው ገደሉ ነው። በየካቲት 2000 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከጠፈር መንኮራኩር የተለካው የከፍታ መረጃ በነጻ ይገኛል፤ ነጥቦቹ በ30 ሜትር ስለሚራራቁና አንድ ነጥብ አንድ ከፍታ ብቻ ስለሚይዝ ቀጥ ያለው የሰሜን ገደል ለስላሳ ዳገት ሆኖ ይወጣል፣ የድንጋዩም ሥዕል እንደ ሊጥ ይለጠጣል። ገደሉን ለብቻው ቅረጹት። አጠገቡ አንድ ጅብራ (ረጅሙን የደጋ ተክል) ትከሉ፤ ዓይን ቁመቱን የሚለካበት ካላገኘ ተራራው ከጉብታ አይለይም።

46,000 ብር የሌለው ምንም አይግዛ። ብሌንደር ያለ ካርድም በኮምፒውተሩ አንጎል (በፕሮሰሰሩ) ይሠራል፤ ይዘገያል እንጂ ጭጋጉ ያው ጭጋግ ነው። ቪዲዮ ከሆነ ፍሬም በፍሬም በሥዕል አስቀምጡ፣ መብራት ሲጠፋ የምታጡት አንዱን ብቻ ይሆናል።

ያገለገለ የምትገዙ ግን ጂፒዩ-ዚንና አንድ ከባድ የብሌንደር ፋይል በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ሱቁ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ሬንደር ይሥራ፤ ማራገቢያው ካንቋረረ ወይም ስክሪኑ ነጠብጣብ ካወጣ ተዉት። ሻጩ «መብራት የለም» ካለ ነገ ተመለሱ።