ድረ ገጽ ለማዛወር፦ የፒያሳ ባለሙያ ወይስ የውጭ ድጋፍ ክፍል?

ጽሑፎቹን ከብሎገር ወደ ዎርድፕረስ፣ ከአንዱ የድረ ገጽ ማዘጋጃ ወደ ሌላው፣ ማዛወር የፈለገ የአዲስ አበባ ጸሐፊ ሁለት ደጅ ማንኳኳት ይችላል፤ ፒያሳ ወይም አራት ኪሎ ያለ ባለሙያ፣ አለዚያም ገጹን የሚያስተናግደው የውጭ ድርጅት።

የውጭው ድርጅት ፈጣን ነው፤ አንዳንዱ ፋይል ማዛወሩን በነጻ ይሠራል። ክፍያው ግን በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ንግግሩም በአብዛኛው በእንግሊዝኛ።

ለእኔ ትልቁ ልዩነት ፊደላችን ላይ ነው። ጽሑፎቹ የሚከማቹበት የመረጃ ቋት በዩቲኤፍ 8፣ የዓለምን ፊደላት በሚይዘው የኮምፒውተር ኮድ፣ ካልተቀመጠ የግዕዝ ፊደል ወደ ጥያቄ ምልክት ሊለወጥ ይችላል። አማርኛ የማያነብ ሠራተኛ ገጹ መከፈቱን አይቶ ሥራውን ይዘጋል፤ የተበላሸውን አንቀጽ ከየት ያውቀዋል? የአገራችን ባለሙያ ግን ከጸሐፊው ጎን ተቀምጦ ያነባል፤ ያርማል። የድሮዎቹን አድራሻዎች በ301፣ ጎብኚውን በቋሚነት ወደ አዲስ አድራሻ በሚመራው ኮድ፣ ወደ አዲሶቹ ማሻገርም ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ይህ ከቀረ በፍለጋ የሚመጣ አንባቢ ባዶ ገጽ ይጠብቀዋል።

ስለዚህ የፒያሳውን እመርጣለሁ፤ ግን በጽሑፍ ውል። ዶሜኑ፣ ማለትም የድረ ገጹ የአድራሻ ስም፣ በጸሐፊው ስምና ኢሜይል ይመዝገብ! በባለሙያው ስም ከሆነ፣ እርሱ ስልክ ባላነሳ ቀን የዓመታት ድካም ይታገታል። ሥራው ሳይጀመርም ሙሉ ቅጂው፣ ፎቶግራፎቹ ጭምር፣ በጸሐፊው ኮምፒውተር ላይ ይቀመጥ።