የበሽሎን ቁልቁለት በነጻ ለሚጠግኑት ሰዎች

አባቴ ሠላሳ አራት ዓመት ታሪክ ሲያስተምሩ መቅደላን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ስለዋታል እንጂ በእግራቸው ረግጠዋት አያውቁም ነበር። ጡረታ ከወጡ ወዲህ አንድ ነገር ይመላልሱ ጀመር፤ «የቴዎድሮስን መድፍ ሴባስቶፖልን ሳላይ ብሞት ተማሪዎቼ ይታዘቡኛል።» ችግሩ ጉልበታቸው ነው። ቀኝ ጉልበታቸው ዳገቱን እሺ ይላል፣ ቁልቁለቱን ግን አይወድም። ከደላንታ ወደ በሽሎ ሸለቆ የሚወርደውን መንገድ ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ባለፈው ጥር፣ ጥምቀት እንዳለፈ ሄድን። አባቴ በእግራቸው ወረዱ፣ ከወንዙ ማዶም እያረፉ በእግራቸው ወጡ፣ መድፉንም በእጃቸው ዳበሱት። ይህን የምጽፈው ይህ እንዲሆን ያደረጉትን ሰዎች በአደባባይ ለማመስገን ነው። ወደዚያ ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ ደግሞ ለማን መንገር እንዳለባችሁ ልጠቁማችሁ።

አጀማመራችን አላማረም ነበር። አንድ የጉዞ አዘጋጅ በቅሎና መሪ አሰናዳለሁ ብሎ ቀብድ ተቀበለን። የደላንታዋ ከተማ ወገል ጤና ስንደርስ በቅሎም መሪም የለም፣ ስልኩም አይነሣም። ስሙን አልጠራም፤ ገንዘቡን ባይመልስም እግዜር ይስጠው፣ እርሱ ባይቀር ኖሮ እነዚህን ሰዎች አናገኛቸውም ነበር። አባቴ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው «ቴዎድሮስንም በመጨረሻው ጊዜ ብዙ ሰው ጥሏቸው ነበር» አሉ። ቀልዳቸው መቼም ከክፍል አይወጣም። ያረፍንበት ቤት ባለቤት ይህን ሰምታ ሳቀችና «አብሽሩ አባቴ፣ የመንገዱ ልጆች አሉ አይደለም እንዴ?» አለቻቸው።

«ልጆች» ስትል ወጣቶች መስለውኝ ነበር። በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ የመጡት ግን ሃምሳውን ያለፉ አንድ ገበሬ፣ ጥምጣማቸውን ያሳመሩ አንድ ሼህ፣ ኦፓል የተባለውን የከበረ ድንጋይ የሚቆፍር ጎረምሳና በቅሎ የሚስብ የወንድሙ ልጅ ናቸው። ሙሉው ቡድን ሃያ ሰው ገደማ ነው። ክረምቱ ባለፈ ቁጥር ከደላንታ አፋፍ እስከ በሽሎ ወንዝ ያለውን አሮጌ መንገድ ይጠግናሉ። ደመወዝ የላቸውም። ማኅተምና ጽሕፈት ቤትም የላቸውም፤ ያላቸው ቅሬ ነው፣ ሌላው አገር እድር የሚለው። ሙታንን የሚቀብረው ቅሬ ነው መንገዱንም የሚጠግነው። ሳይታወቅ የቀረ ሰው ለቀብር እንደቀረ ሰው ይወቀሳል።

መንገዱን ልዩ የሚያደርገው አመጣጡ ነው። ሴባስቶፖል ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የተሠራ፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው እርሱንና ሌሎቹን መድፎች በሠረገላ እያስጎተቱ መጋቢት ላይ መቅደላ ደረሱ። የሚሄዱበት መንገድ ስላልነበረ ከፊታቸው እየጠረቡና እየደለደሉ ነበር የሚጓዙት። ዋድላን፣ የጅጣን ገደል፣ ደላንታን፣ በሽሎን ያለፉት እንዲህ ነው። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ እንደነበር በቦታው የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። አሁን ነገሩን አስቡት። ሰው በገደል ይንፏቀቃል፣ በቅሎም በጠባብ ጥርጊያ ታልፋለች፤ 7 ቶን ብረት የተሸከመ ሠረገላ ግን ቁልቁል ከተለቀቀ ጎታቾቹን ጠርጎ ነው የሚወርደው። ስለዚህ መንገዱ እየተጠማዘዘ፣ ዘቅዛቃነቱን በየዙሩ እያበረደ እንዲወርድ ሆኖ ተቆረጠ። ከ150 ዓመት በኋላ የአባቴን ጉልበት ያተረፈው ለመድፍ የተዘየደው ብልሃት ነው። ቴዎድሮስን ሊወጋ የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦርም ከዋድላ ወዲህ በዚሁ መንገድ መጠቀሙን ሲያነሡ ግን አባቴ ፊታቸው ይጠቁራል።

ፎቶውን አሜሪካ ፒትስበርግ ለምትኖር እህቴ ስልክላት ዓይኗ ያረፈው በመድፉ ላይ ሳይሆን በመንገዱ ላይ ነው። እርሷ ባለችበት አካባቢ ባቡር የተዋቸውን ሐዲዶች ነቅለው የእግረኛና የብስክሌት መንገድ አድርገዋቸዋል። ከፒትስበርግ እስከ ከምበርላንድ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ይዘልቃል፤ ከዳር እስከ ዳር የተገናኘው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ባቡር ዳገት አይወድምና መንገዱ 100 ሜትር ተሄዶ ከ2 ሜትር በላይ አይወጣም። በዚህ ምክንያት ዛሬ ሽማግሌውም ሕፃኑም ይሄድበታል። ሣሩን ለማጨድ፣ የወደቀውን ዛፍ ለማንሣት፣ የውሃ መውረጃውን ለመጥረግ በየከተማው በጎ ፈቃደኞች ይወጣሉ፤ እርሷ የምታውቃቸው አብዛኞቹ ጡረተኞች ናቸው። «የእናንተ ለመድፍ፣ የእኛ ለባቡር፤ ዞሮ ዞሮ ትርፉ የእግረኛ ሆነ» አለችኝ። አባቴ ይህን ሲሰሙ በ2007 ዓ.ም. ግንባታው የተጀመረውን፣ ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ሐራ ገበያ የሚዘልቀውን ሐዲዳችንን አስታወሱ። «እኛ ባቡሩን ገና እየጠበቅን፣ እነርሱ ባቡሩን ጠግበው ብስክሌት ይነዱበታል» ብለው ሳቁ።

ስለ ሥራቸው ትንሽ ልዘርዝር፤ ወርጄ እስካየሁት ድረስ እኔም መንገድ መጠገን ማለት ጉድጓድ መሙላት ይመስለኝ ነበር። የቡድኑ አለቃ የሆኑት ገበሬ ይህን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እግር ምን ያደርገዋል? የሚበላው ውሃ ነው።» የደላንታ ሜዳ ዋልካ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሲዘንብበት የጠገበው ውሃ ወደ አፋፉ ይመጣና መውረጃ ይፈልጋል። የተዘጋጀ መውረጃ ካላገኘ መንገዱን ራሱን ወንዝ ያደርገዋል፤ በአንድ ክረምትም ቦረቦር ይሆናል። ስለዚህ በየጥቂት እርምጃው መንገዱን አግድም የሚያቋርጥ፣ ወደ ገደሉ ትንሽ ዘንበል ያለ የድንጋይ ረድፍ ተቀብሯል። ውሃው እንደ ደረሰ ይመታዋል፣ አቅጣጫውን ይስታል፣ ወደ ዳር ይወድቃል። ይህን ረድፍ በእግራችሁ ትሻገሩታላችሁ እንጂ አታስተውሉትም። የሚወድቅበት ቦታ አፈሩ እንዳይሸረሸርም ከታች ጠፍጣፋ ድንጋይ ተነጥፏል።

ካቡም ሌላ ነው። በየመታጠፊያው ከገደሉ በኩል መንገዱን የሚደግፈው ግንብ ጭቃም ሲሚንቶም የለውም። ሥሩ ሰፊ ነው፣ ወደ ላይ እየጠበበ ወደ ተራራው ያዘነብላል፤ ትልልቁ ድንጋይ ከታች፣ ጠጠሩ በሆዱ ውስጥ። በየዓመቱ ለተፋሰስ ሥራ እየወጡ እርከን የካቡ እጆች ስለሆኑ ድንጋይ ሲያዩ የትኛው ፊቱ ወደ ውጭ መሆን እንዳለበት ያውቃሉ። ድንጋይ የሚፈልጠው የኦፓል ቆፋሪው ነው። ደላንታ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በኦፓል ስሟ ተጠርቷል፤ ጎረምሳው በሳምንቱ አብዛኛውን ቀን ገደል ላይ ተንጠልጥሎ ዕድሉን ይቆፍራል። ለምን በነጻ እንደሚመጣ ስጠይቀው «እዚያ ለሳምንት ቆፍሬ ባዶ እጄን እመለሳለሁ። እዚህ ያስቀመጥኩት ድንጋይ ግን ማታም ቦታው ላይ ነው» አለኝ።

ታናሽ ወንድሜ የደረሰበትንም ልንገራችሁ። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ መዞሩ ታክቶት በቀጥታ ወደ ታች ተንሸራተተ። አለቃው አልጮኹም። ከታች ሲደርሱ ጠበቁትና «ልጄ፣ ተመለስ» አሉት። መለሱትና ገለል ያደረገውን የግራር እሾህ መልሶ አቋራጩ ላይ እንዲከምር አደረጉት። አንድ ሰው ከቆረጠ ፍየል ይከተለዋል፣ ፍየሉን ውሃ ይከተለዋል፤ ከዚያ በኋላ ካቡ ከሥሩ ይናዳል። ወንድሜ እጁ እስኪደማ እሾህ ሲጎትት አባቴ በደስታ ይመለከቱ ነበር፤ እርሳቸው ለሠላሳ አራት ዓመት ያቃታቸውን ሥርዓት አንድ ገበሬ በሩብ ሰዓት አስተማረላቸው።

የሥራ ቀን አመራረጣቸውን ሳልጠቅስ ባልፍ ወሎን አላውቃትም ማለት ነው። ክርስቲያኖቹ በ12፣ በ21፣ በ27፣ በ29 ዶማ አያነሡም፤ እሑድም የለም። ሙስሊሞቹ ዓርብ ጁምዓ አላቸው። የገበያ ቀን ማንም አይገኝም። ቀብር ከመጣ ሁሉም ይቀራል። ይህን ሁሉ ቀንሰው በወር ሁለት ሦስት ቀን ይተርፋቸዋል። በ2017 ዓ.ም. ሁዳዴና ረመዳን ሲገጣጠሙ ሁሉም ጿሚ ሆነና ገና ጎሕ ሲቀድ ጀምረው ፀሐይ ሳትበረታ ይበተኑ እንደነበር ሼሁ አጫወቱን። «ያን ጊዜ ቡና የሚያፈላ እንኳ አጣን» አሉ፤ ከሁሉም የከበዳቸው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ሥራው የሚከፈተው በእርሳቸው ዱዓ ነው፣ አለቃው ደግሞ ያማትባሉ፤ ከዚያ ዶማ ይነሣል።

ለምን ይደክማሉ? ለእኛ ለእንግዶቹ መስሎኝ ነበር። ጦርነቱ በወሎ ካለፈ ወዲህ እንግዳ እንደ ቀድሞው እንደማይመጣ ነገሩን። «እንግዳ ይምጣ አይምጣ እኛ አናውቅም። ምጥ የያዛትን በቃሬዛ የምናወጣው በዚሁ ነው» አሉኝ አለቃው። ይህን ከሰማሁ በኋላ የአባቴን ሻንጣ በበቅሎ ጭነን መሄዳችን ትንሽ አሳፈረኝ።

በሽሎን ስትሻገሩ ሥልጣኑ ይለወጣል። ከወንዙ ማዶ ያለው በአምባ ማርያም በኩል የሚኖሩ ሰዎች ድርሻ ነው። ሁለቱ ወገኖች ይዋደዳሉ፤ አንዱ የሌላውን ካብ ማማት ግን አይተዉም። እውነቱን ለመናገር የደላንታዎቹ ይበልጣል። ከወርቅ ውሃ ወደ አሮጌ ሜዳ በሚወጣው ላይ ሁለት ቦታ ካቡ ተንዶ ነበር፤ አባቴን ደግፈን ነው ያሳለፍናቸው። የማዶዎቹ ቁጥራቸው አነስተኛ ነው፣ ዳገታቸውም የከፋ ነው፤ ይህም ይታወቅላቸው። የቴዎድሮስና የናፒየር ጦር ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. የተዋጋበትን ይህን ሜዳ ሲረግጡ አባቴ ንግግር ያደርጋሉ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ዝም አሉ። ላይ ወጥተን መድፉ ጋር ስንደርስም ለረጅም ጊዜ እጃቸውን ብረቱ ላይ እንዳደረጉ ቆዩና «ለካ ትንሽ አድርጌ ነው ስስለው የኖርኩት» አሉ።

እንግዲህ የምትሄዱ ካላችሁ፣ ወገል ጤና ደርሳችሁ የበሽሎን ቁልቁለት የሚጠግኑትን ብላችሁ ጠይቁ፤ የማያውቃቸው የለም። በቅሎ በእነርሱ በኩል ተከራዩ፤ ኪራዩ ለባለበቅሎው ነው፣ በግልጽ ይነገራችኋል፣ ቀብድም አይጠይቁም። ከመነሣታችሁ በፊት ግን የአካባቢውን ሰላም ከወንዙ ወዲህም ወዲያም ያሉትን ጠይቁ፤ አትሂዱ ካሏችሁ እነርሱ የሚሉትን ስሙ። ጊዜው ከጥቅምት መጨረሻ እስከ የካቲት ቢሆን መልካም ነው። በክረምት በሽሎ ይሞላል፣ በግንቦት ደግሞ የሸለቆው ሙቀት አይቻልም። በጨለማ ተነሡ፣ ውሃ በደንብ ያዙ፤ በመንገዱ ላይ የሚሸጥ ነገር የለም፣ መጸዳጃም የለም። ምልክቱ በኖራ የተቀባ ድንጋይ ነው፤ ዝናብ ስለሚያጥበው ከሩቅ ላይታይ ይችላል። አቋራጭ ግን አትቁረጡ፤ እሾህ ትጎትታላችሁ።

ስንለያይ ገንዘብ ለመስጠት ሞከርን። አለቃው እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ፤ ሼሁ ግን ተግባራዊ ሰው ናቸው፣ «ለመንገዱ ካሰባችሁ ድጅኖ ይሻለናል፤ ያለችን አንዲት ናት፣ እርሷም ጎብጣለች» አሉ። ከደሴ ሁለት ድጅኖ፣ አንድ ትልቅ መዶሻና አምስት አካፋ ገዝተን በአውቶቡስ ላክን። መድረሱን ደውለው ነገሩን፤ አንደኛው አካፋ እጀታው ደካማ መሆኑንም አልደበቁንም። የምትልኩ ካላችሁ እጀታውን በደንብ እዩት።

የሚቀጥለው ጥገና ከመስቀል በኋላ ነው። አባቴ ከወዲሁ ዶማ ገዝተው በራቸው ሥር አቁመዋል። «ጉልበትዎስ?» ስላቸው ቡና ማፍላት ጉልበት እንደማይጠይቅ፣ ዶማው ግን ለወንድሜ እንደሆነ ነገሩኝ።