አራት ቅዳሜ ስለ ጦር መርከቦች፦ ጎንደር ፒያሳ ላይ የወሰድኩት ሥልጠና

በጎንደር ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ የግል ማሠልጠኛ «አንድ አገር የባሕር ኃይሉን የወደፊት መርከቦች እንዴት ያቅዳል?» በሚል ርዕስ የተሰጠውን ሥልጠና ባለፈው ሳምንት አጠናቅቄያለሁ። ክፍያው 1,500 ብር ሲሆን፣ ትምህርቱ ለአራት ተከታታይ ቅዳሜዎች ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ተኩል ተሰጥቷል። አሠልጣኙ በጡረታ ላይ የሚገኙ የቀድሞ የባሕር ኃይል መኮንን ናቸው። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፤ የተመዘገብኩት ግን በቀድሞው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ምፅዋ ላይ በሞተር ጥገና ባገለገለው አጎቴ ምክንያት ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስለዚያ ባሕር ኃይል ሲያወራ ሰምቼው፣ የሚናገረውን በሥርዓት የሚያስረዳኝ ሰው ግን አግኝቼ አላውቅም ነበር።

ከሁሉ አስቀድሜ ላመሰግነው የምፈልገው የትምህርቱን ቅደም ተከተል ነው። የመጀመሪያው ቅዳሜ የአንድም መርከብ ስም ሳይነሣ አለቀ። አሠልጣኙ ሦስት ሰዓት ተኩል ሙሉ የጠየቁን «ምን ልትሠሩበት ነው?» የሚለውን ብቻ ነበር። የንግድ መርከብን አጅቦ በቀይ ባሕር ደቡባዊ መውጫ በባብ ኤል መንደብ ማሳለፍ፣ ኮንትሮባንድንና ሕገ ወጥ ዓሣ ማስገርን መቆጣጠር፣ ፈንጂ መጥረግ፣ በአደጋ ጊዜ ሰው ማዳን እያንዳንዳቸው የተለየ መርከብ፣ የተለየ ፍጥነትና የተለየ ባሕርተኛ ይጠይቃሉ። ከ2023 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ በቀይ ባሕር በንግድ መርከቦች ላይ የደረሰውን የሚሳኤልና የድሮን ጥቃት ያነሡት በዚህ መካከል ነው፤ የአየር መከላከያ የሌለው ፈጣን ጀልባ ኮንትሮባንድ ለመያዝ በቂ ቢሆንም እንዲህ ባለ ቦታ አጃቢ ሊሆን እንደማይችል ለመረዳት ሌላ ምሳሌ አላስፈለገንም። የወደብን ጉዳይ ደግሞ የሕግና የዲፕሎማሲ ሥራ መሆኑን ተናግረው ሳይገቡበት አለፉ፤ ይህም ክፍሉን ከማያልቅ ክርክር አድኖታል።

ሁለተኛው ቅዳሜ ብቻውን የከፈልኩትን ገንዘብ ያወጣል ብዬ አምናለሁ። አሠልጣኙ ለየሁለት ሰው አንድ ባለ 12 ጉድጓድ የገበጣ ገበታና 120 ጠጠር አደሉን። እያንዳንዱ ጉድጓድ አንድ የበጀት ዓመት ነው፤ በእያንዳንዱም 10 ጠጠር አለ። ፍሪጌት (መካከለኛ መጠን ያለው አጃቢ የጦር መርከብ) ለመግዛት 30 ጠጠር፣ በየዓመቱ ለማንቀሳቀስ 3 ጠጠር ይከፈላል። የጥበቃ ጀልባ 5 ጠጠር ያወጣል፤ ሁለት ጀልባዎች ደግሞ በዓመት አንድ ጠጠር ይበላሉ። ግዢው ከአንድ ዓመት በጀት ከበለጠ ከመጪዎቹ ዓመታት ጉድጓዶች መበደር ይፈቀዳል። እኔና አብራኝ የተቀመጠችው የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ ሳናቅማማ ሁለት ፍሪጌት ገዛን። 60 ጠጠር ወዲያው ወጣ፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ 6 እየከፈልን 10ኛው ዓመት ላይ ስንደርስ ገበታው ባዶ ሆነ። ሁለቱ መርከቦቻችን አሉ፤ የሚያንቀሳቅሳቸው ጠጠር ግን የለም። ከኋላችን የተቀመጡት ሁለት ጎልማሶች አንድ ፍሪጌትና አራት የጥበቃ ጀልባዎች ገዝተው 12ቱንም ዓመት ካንቀሳቀሱ በኋላ 10 ጠጠር ተረፋቸው። አሠልጣኙ «ይህን ምን ታደርጉበታላችሁ?» ሲሏቸው አንደኛው «ባሕርተኛ እናሠለጥንበታለን፣ ጋሼ» ብሎ መለሰ። ልጅቷ ባዶውን ጉድጓድ በጣቷ እየነካካች ለብዙ ደቂቃ ዝም አለች። እኔም መርከብ በአገልግሎት ዘመኑ የሚያስወጣው ገንዘብ ከመግዣው እንደሚበልጥ በመጽሐፍ አንብቤ አውቅ ነበር፤ እንደዚያ ቀን ግን ገብቶኝ አያውቅም።

በዚያው ዕለት የሦስት ለአንዱን ስሌት አስተማሩን። አንድን መርከብ ዘወትር ባሕር ላይ ማቆየት የሚፈልግ አገር በግምት ሦስት መርከቦች ያስፈልጉታል፤ አንዱ ሥራ ላይ ሲሆን ሁለተኛው ባሕርተኞቹን እያሠለጠነ ይዘጋጃል፣ ሦስተኛው ከውኃ ወጥቶ ይጠገናል። ስለዚህ «ስንት መርከብ አለን?» የሚለው ጥያቄ ከ«ዛሬ ጠዋት ስንቱ መውጣት ይችላል?» ከሚለው በፊት ሊጠየቅ አይገባም። አየርላንድ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ሆና ቀርባለች፤ መርከቦቿ ጤነኛ ሆነው ሳለ የሚሠራባቸው ሰው በማነሱ በ2023 (እ.ኤ.አ.) ሁለቱን ከአገልግሎት ውጪ አድርጋ አቁማቸዋለች። ደቡብ አፍሪካም አራት ዘመናዊ ፍሪጌቶች ገዝታ ለጥገና የሚበቃ በጀት በማጣቷ አብዛኞቹ ለረጅም ጊዜ ወደብ ላይ ቆመዋል።

ሦስተኛው ቅዳሜ የታላላቆቹን አገሮች ስሕተት የተመለከተ ሲሆን፣ አሠልጣኙ ከማንም በላይ የተዘጋጁበት ይመስለኛል። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ዙምዋልት የተባሉ 32 ዲስትሮየሮች (አብዛኛውን ጊዜ ከፍሪጌት የሚተልቁ የጦር መርከቦች) አስቦ ሦስት ብቻ መሥራቱን፣ ለጠረፍ ውጊያ ያቀዳቸው 52 መርከቦችም ወደ 35 መውረዳቸውን ከነምክንያቱ ዘረዘሩ። የጠረፍ መርከቦቹ ሐሳብ በአንድ የመርከብ አካል ላይ መሣሪያውን እንደ ሥራው እየቀያየሩ መጠቀም ነበር። ዴንማርኮች ይህንኑ ሐሳብ ከእነርሱ ቀደም ብለው፣ ርዝመቱ 3 ተኩል፣ ስፋቱ 3 ሜትር በሆነ ሣጥን ውስጥ መሣሪያ እየገጠሙ በትናንሽ መርከቦች ላይ ሠርተውበታል። አሜሪካኖቹ ግን የሚቀያየረው መሣሪያ ገና ተፈትኖ ሳያልቅ መርከቦቹን በብዛት ማስገንባት ጀመሩ።

ለእኛ አካባቢ ከሁሉ የቀረበው ግን የእንግሊዞቹ ታሪክ ነው። 12 ሊሠሩ ታስበው በመጨረሻ ስድስት ብቻ የተሠሩት ታይፕ 45 ዲስትሮየሮች በሞቃት ውኃ ላይ ሲሠሩ የሞተራቸው ማቀዝቀዣ እየተጨናነቀ መርከቡ በድንገት ኤሌክትሪክ ያጣ ነበር። እንደ ቀይ ባሕር ያለ ሞቃት ባሕር ለሚያስብ ዕቅድ አውጪ ይህ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሊጻፍ የሚገባው ነገር ነው። ለ18 ዓመት አገልግሎት የተነደፉት ታይፕ 23 ፍሪጌቶችም ተተኪያቸው በመዘግየቱ አንዳንዶቹ ከ30 ዓመት በላይ ማገልገላቸውን ጨምረው፣ መርከቦችን በአንድ ጊዜ መግዛት በአንድ ጊዜ ማስረጀት መሆኑን በሰሌዳው ላይ በመስመር ስለው አሳዩን።

አራተኛው ቅዳሜ የእኛው ነበር። በ1955 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተው ባሕር ኃይል፣ በ1962 (እ.ኤ.አ.) ከአሜሪካ የተገኘችውና ቀድሞ የባሕር አውሮፕላኖች አጋዥ የነበረችው የማሠልጠኛ መርከብ «ኢትዮጵያ»፣ በኋላ ከሶቪየት ኅብረት የመጡት ፔትያ የተባሉ ሁለት ፍሪጌቶችና የሚሳኤል ጀልባዎች፣ በየካቲት 1982 ዓ.ም. የምፅዋ መያዝ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. መርከቦቹ ወደ የመንና ወደ ሌሎች ወደቦች መሸሻቸው በቅደም ተከተል ቀርበዋል። አሠልጣኙ ድምፃቸው ሲለወጥ የሰማሁት እዚህ ላይ ብቻ ነው። ነገር ግን ከቁጭቱ አልፈው አንድ የዕቅድ ነጥብ አወጡ፦ የምዕራቡና የምሥራቁ መርከቦች ጎን ለጎን በቆሙበት ባሕር ኃይል ውስጥ መለዋወጫው፣ የጥገና መጽሐፉና የሥልጠናው ቋንቋ ሁሉ ሁለት ይሆናል። ማታ ለአጎቴ ይህንን ስነግረው «ልክ ብለዋል፤ ቁልፉ እንኳ ከአንዱ ጀልባ ወደ አንዱ አይሠራም ነበር» አለኝ። ባሕር ኃይሉ በ2018 (እ.ኤ.አ.) እንደገና እንዲቋቋም ሲወሰንና በቀጣዩ ዓመት ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ሲፈረም የትኛው ትምህርት መቅደም እንዳለበት ያደረግነው ውይይትም ከአራቱ ቀናት ውስጥ እጅግ ሕያው የሆነው ነበር።

ጉድለቶቹን መሸፈን አልፈልግም። የታደለን ጽሑፍ የፎቶ ኮፒ ኮፒ በመሆኑ የመርከቦቹ ሥዕል ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ሆኖ ታይቷል። በሦስተኛው ቅዳሜ መብራት ሲጠፋ ማሠልጠኛው ጄኔሬተር ስላልነበረው የአንድ ሰዓት ያህል ትምህርት በቃል ብቻ ተሰጠ፤ የባከነውም ጊዜ አልተካካሰም። ከዚህ የሚከብደው ግን ሰው አልባ ጀልባዎች በሃያ ደቂቃ መታለፋቸው ነው። ዩክሬን ትልልቅ የጦር መርከቦች ሳይኖሯት በእነዚህ ጀልባዎችና በሚሳኤል የሩሲያን የጥቁር ባሕር መርከቦች ከምዕራቡ የባሕሩ ክፍል ገፍታ ባስወጣችበት ዘመን፣ ትንሽ በጀት ያለው አገር መጀመሪያ ሊያጠናው የሚገባው ይህ ይመስለኛል። በገበጣው ገበታ ላይም ለሰው አልባ ጀልባ የተመደበ ጠጠር አልነበረም። ይህን ለአሠልጣኙ ስጠይቃቸው «ልክ ነህ ልጄ፣ ለሚቀጥለው ዙር እጨምረዋለሁ» ብለው በማስታወሻቸው ላይ ጻፉት።

ሌላው ያነሰብኝ ጎርጎራ ነው። ከጎንደር በ60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ የጣና ዳርቻ እያለ አንድም ቅዳሜ ውኃ ላይ አልወጣንም። ጣና ጥልቀቱ አነስተኛ ስለሆነ ለጦር መርከብ አይሆንም፤ አንድ ጀልባ ነዳጅ ለመሙላት፣ ሞተሩን ለማጠብና ለማሰር ስንት ሰውና ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ለማየት ግን ከበቂ በላይ ነው። ለጉዞው 500 ብር ተጨማሪ ቢጠይቁኝ ደስ ብሎኝ እከፍል ነበር።

ለመመዝገብ ለሚያስቡ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። ደብተርና ካልኩሌተር ይዛችሁ ሂዱ፤ ሁለተኛውን ቅዳሜ ደግሞ በምንም ምክንያት አትቅሩ። እኔ ሁለተኛው ዙር ሲጀመር ለአጎቴ ከፍዬ አስገባዋለሁ፤ አሠልጣኙም የሞተር ክፍልን ጥገና በተመለከተ አንድ ሰዓት እንዲናገር ጋብዘውታል።