ድረ-ገጽ ሲዛወር፦ ማሳሰቢያ መተው ወይስ አድራሻውን ማዞር?

ከደሴ ሆኖ የወሎን ዜና የሚያሰራጭ ድረ-ገጽ አድራሻ ሲቀይር፣ የአርኤስኤስ (አዳዲስ ጽሑፎችን ወደ ንባብ መተግበሪያ የሚያደርስ ዘዴ) ተከታታዮቹን ይዞ ለመሄድ ሁለት መንገድ አለው። በአሮጌው ፊድ (መተግበሪያው በሚያነበው የጽሑፎች ዝርዝር) ላይ የመጨረሻ ማሳሰቢያ መተው ቀላል ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱን አንባቢ እንደገና እንዲመዘገብ ስለሚያስገድድ፣ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት በስልኩ የሚያነብ የወልዲያ ሰው በዚያው ሊቀር ይችላል። 301 የተባለው ቋሚ ማዞሪያ ግን የንባብ መተግበሪያውን ራሱን ወደ አዲሱ አድራሻ ስለሚመራው፣ ያለማመንታት የምመርጠው እርሱን ነው።

ሆኖም ማዞሪያው ብቻውን አይበቃም። መተግበሪያው የተነበበውን ካልተነበበው የሚለይበት የየጽሑፉ መለያ ብዙ ጊዜ የጽሑፉ የድሮ አድራሻ ስለሆነ፣ አብሮ ከተቀየረ የአምናው የኮምቦልቻ ዘገባ ሁሉ እንዳልተነበበ ሆኖ ተግተልትሎ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የአቶም (የአርኤስኤስ አቻ የሆነ ሌላ የፊድ ዓይነት) ደንብ ይዘቱ ቢዛወር እንኳ መለያው እንዳይለወጥ ያዛል፤ በአርኤስኤስም የድሮው መለያ ሳይነካ፣ «ኢዝፐርማሊንክ» የሚለው ባሕርይ «ፎልስ» ተብሎ ቢሞላ፣ ማለትም መለያው እንደ ድረ-ገጽ አድራሻ እንዳይቆጠር ቢደረግ፣ ይበጃል።